ራሱን የሚያጥበው በርሜል

«ሽታዋንስ ምን እናድርገው? ሰዎቹ አፍንጫቸውን ይዘው ይብሉ እንዴ?»

ፒልሱን ይህን የሰማችው በሎሚ ውሃ ፀጉሯን ለሦስተኛ ጊዜ ስታጥብ ነበር። የእሷን መታጠቢያ ቤት ከባሏ ወንድም ሚስት ከጃኦክ ወጥ ቤት የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው፤ ጃኦክ ደግሞ ስልክ ስታወራ፣ ከማዶ ያለው ሰው ያለ ስልክም እንዲሰማት የምትፈልግ ይመስል ትጮኻለች። «እኔ በእናትየዋ ቦታ እቀመጣለሁ አልኩሽ እኮ። እሷ ታማለች እንላለን፤ ጉንፋን ጥሏታል። ማን ይጠይቃል? ደግሞስ ልጅቷን ለወግ ለማዕረግ ያበቃናት እኛ አይደለን?» ከዚያ ሳቅ፣ ከዚያ የሳህን ኳኳታ። ፒልሱን የሎሚ ፍሬ ጆሮዋ ላይ ተጣብቆ፣ ውሃው በአንገቷ እየወረደ ቀጥ ብላ ቆመች። ቧንቧውን ብትከፍት መስማቴን ያውቁብኛል ብላ ሰግታ፣ የቀረውን የሎሚ ውሃ በፎጣ ጠረገችው።

ዕለቱ የዋዛ ዕለት አልነበረም። አንድያ ልጇ ዳሶም፣ የጥርስ ሐኪም ቤት ነርሷ፣ ሶክጁ የሚባል ጭምት ልጅ ልታገባ ነው። የሁለቱ ወላጆች በዚያ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ገበታ ተቀምጠው ይተያያሉ፤ የሠርጉም ቀን ይቆረጣል። ቀን የሚቆርጠው ደግሞ የሙሽራዋ ወገን ነው፤ ያውም እናትየዋ። ፒልሱን ለዚህች ሰዓት ብላ ከባቡር ጣቢያው ሥር ካለው ገበያ ሰማያዊ ሙሉ ልብስ ገዝታ ነበር። ሻጯ ዘጠና ሺህ ዎን ብላ ጀምራ፣ ፒልሱን ሁለት ጊዜ ወጥታ ሁለት ጊዜ ስትመለስ በሰባ አምስት ሺህ ለቀቀችላት፤ አንድ ጥንድ ስቶኪንግም መረቀችላት። ልብሱ አሁን በሩ ላይ ተሰቅሏል። ፒልሱን አየችው፣ ከዚያ የእጅ አንጓዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ አሸተተች። ከሎሚው ሥር ዓሣው አለ። አፈረች፤ በማፈሯም ደግሞ ተናደደች።

ሽታው ከየት እንደመጣ ቡሳን ውስጥ ላለ ሰው መንገር አያስፈልግም። የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ዶክማን ኦሙክ ፋብሪካ አለው፤ የተፈጨ ዓሣ ከዱቄት ጋር ተለውሶ፣ በዘይት ተጠብሶ ለከተማው ሁሉ ይሸጣል። ሠላሳ ሴቶች ከፊት በኩል ይፈጫሉ፣ ያቦካሉ፣ ይጠብሳሉ። የእነሱ እጣቢ ሁሉ፣ ቅርፊቱም ቅባቱም፣ በቦይ ወርዶ ከኋላ ወዳለው የፍሳሽ ክፍል ይገባል። እዚያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የቆመችው ፒልሱን ናት። ወንፊቱ በየሁለት ሰዓቱ ይደፈናል፤ እሷ ታወጣዋለች፣ በብሩሽ ትፈገፍገዋለች፣ መልሳ ትከተዋለች። ጃኦክና ዶክማን ከፋብሪካው በላይ፣ እሷም ከእነሱ ጎን ባለችው ክፍል ይኖራሉ። ማታ ሦስቱ አብረው ሲበሉ የእሷ ቦታ ከበሩ አጠገብ ነው። ነፋሻ ስለሆነ ነው ይባላል፤ ሌላ ነገር የተናገረ ሰው የለም።

በሩ ተንኳኳ። ጃኦክ ነበረች፤ ፀጉሯ በጥቅልል ብረት ተጠምዝዞ፣ ፊቷ በክሬም ነጭ ሆኖ።

«እትዬ፣ ታጠቡ? ምን መሰልዎት… አዲሱ ማሽን ዛሬ የመጀመሪያ ቀኑ ነው። ዶክማንም ከእኛ ጋር መሄዱ ነው። የሚያየው ሰው ባይኖር…»

«ራሱን ያጥባል ብለው አይደል የሸጡልን?»

«እሱማ ያጥባል። ያው ቢሆንም ሰው ሲኖር ይሻላል። እርስዎ ደግሞ ከሁላችንም ይበልጥ ያውቁታል።»

ራሱን ለሚያጥብ ነገር ጠባቂ ማቆም፣ ለዓሣ ጃንጥላ መያዝ ነው። ፒልሱን ይህን ልትል ትችል ነበር። ግድግዳው ስስ ነው ልትልም ትችል ነበር። ግን ዳሶምን ያስተማራት ዶክማን ነው። ይህ ነገር በገበታ ላይ አንድም ቀን ተነስቶ አያውቅም፤ ስላልተነሳም እንደ አራተኛ ሰው ሆኖ ሁልጊዜ አብሯቸው ይቀመጣል። «እሺ» አለች። ጃኦክ «አይ እትዬ፣ ደግ ነዎት» ብላ ትከሻዋን ነካ አድርጋ ሄደች። ፒልሱን ሰማያዊውን ልብስ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችው፣ ጎማ ቦቲዋን አደረገች፣ ሽርጧን አስራ ወረደች። ደረጃው ላይ ለአፍታ ቆማ አለቀሰች፤ ከዚያ በክንዷ ጠርጋ ቀጠለች።

መቼም እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ የፍሳሽ ክፍሉን በር ስትከፍት ሆዷ ውስጥ የነበረው ሐዘን ቦታ አጣ። ማሽኑ እዚያ ነበር። ከሰው ወገብ ከፍ የሚል፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ጎኑ ሁሉ እንደ ሻሽ የሳሳ ወንፊት የሆነ በርሜል ተጋድሟል። ቆሻሻው ውሃ በአንድ ወገን ወደ ሆዱ ይገባል፤ ውሃው በወንፊቱ አልፎ ወደ ገንዳው ይወርዳል፣ ቅርፊቱና ቁርጥራጩ ውስጥ ይቀራል። ወንፊቱ መደፈን ሲጀምር በርሜሉ ራሱ ያውቃል፤ ዞር ይላል፣ ከላዩ ያለው ቧንቧ በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውሃ ይረጭበታል፣ ቆሻሻውን ወደ አሸንዳው ያራግፋል፣ ንጹሕ ሆኖ እንደገና ይጀምራል። ፒልሱን ይህን ማሽን ስድስት ዓመት ለምናለች። መጀመሪያ ያየችው ከመንገዱ ማዶ ባለው የጎመን ፋብሪካ ነው፤ በምሳ ሰዓቷ አጥር ላይ ተንጠልጥላ ስታየው ዘበኛው አባሯታል። ባለፈው ሳምንት ሊተክለው የመጣው ወጣት መሐንዲስ የዓሣ ቅባት ወንፊት እንዴት እንደሚደፍን ሲያስረዳት፣ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ብላ በሆዷ እየሳቀች አንገቷን ነቀነቀችለት።

በርጩማዋን ሳበችና ተቀመጠች። በርሜሉ ዞረ፤ ውሃው ፉጨት እያሰማ ተረጨ። ግራጫው ነገር ሁሉ ተራግፎ ወደቀ፤ ወንፊቱ እንደ አዲስ ሳንቲም አበራ። «እሰይ!» አለች ለብቻዋ። ደግሞ ሲዞር ደግማ «እሰይ!» አለች። እጇ ከልማድ የተነሳ ብሩሽ ፍለጋ ሄዶ ባዶውን ተመለሰ፤ ምን ላድርግ ብሎ ጉልበቷ ላይ አረፈ። እንዲህ ሆና ኦክቡን ደረሰችባት። ኦክቡን ጠባሽ ናት፣ ምላሷም ከዘይቱ ይሞቃል።

«አንቺ ሴት! እንዲህ አፍጥጠሽ የምታዪው ባልሽ ነው እንዴ?»

«ባሌማ ነፍሱን ይማረውና፣ ራሱን አጥቦ አያውቅም ነበር።»

ሁለቱም ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ። ከዚያ ኦክቡን ቦቲዋን አየች፣ ሽርጧን አየች፤ ሳቋ ቆመ። «ቆይ፣ ዛሬ አይደለም እንዴ?»

«ታምሜአለሁ ተብሏል። ጉንፋን።»

ኦክቡን ሁሉም ገባት። አፏን ከፍታ ልትሳደብ ስትል ፒልሱን እጇን አነሳችባት። «ተይ። ቀኑን አታበላሺብኝ። ይልቅ ይህን እዪልኝ፣ አሁን ይዞራል።» እውነትም ዞረ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ታክሲው መጣ። ፒልሱን በመስኮቱ አየቻቸው። ጃኦክ አረንጓዴ ሙሉ ልብስ ለብሳ፣ በክንዷ የእጅ ቦርሳ ሰክታ ወጣች። ዶክማን ክራቫቱ ጉሮሮውን አንቆት ከኋላዋ ተከተለ፤ ወደ ፍሳሹ ክፍል በር መጣና ከደጁ ቆመ። ከወንድሙ ሚስት ጋር ሠላሳ ዓመት በአንድ ጣራ ሥር ኖሯል፤ አሁን ግን የሚያየው ቦቲዋን ነበር።

«እትዬ… ቶሎ እንመለሳለን።»

«እሺ።»

«ምግብ… ከምሳው ላምጣልዎት?»

«ዶክማን፣ ታክሲው ይቆጥራል።»

ሄደ። ፒልሱን ያን ያህል አልጠላችውም። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሚስቱ ስትናገር ጫማውን የሚያይ ሰው ነው፣ እንዲህ ያለው ደግሞ በየቤቱ አለ።

ለሰባት ሩብ ጉዳይ ላይ ልጇ ደወለችላት፤ አላነሳችም። ሰባት ሰዓት አለፈ። አሁን ቁጭ ብለዋል፣ አሁን ሰላምታ ተለዋውጠዋል፣ አሁን ጃኦክ «እናትየዋ ጉንፋን ጥሏት…» እያለች ነው። ፒልሱን ይህን ሁሉ በዓይነ ኅሊናዋ እያየች ሳለ ጆሮዋ ቆመ። የበርሜሉ ድምፅ ተለውጧል። ፉጨቱ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ሲጥታ ሆነ፤ ከዚያ በርሜሉ ተንቀጥቅጦ ቀጥ አለ። ቀዩ መብራት በራ፤ ማስጠንቀቂያው እንደተረገጠ ድመት ይጮኽ ጀመር። ውሃው ግን ከቦዩ መምጣቱን አልተወም። ገንዳው ሞላ፤ ከከንፈሩ ሦስት ጣት ቀረው። ከከንፈሩ ወዲያ የመንገዱ ቦይ ነው፣ ከቦዩ ወዲያ ወንዙ። አንድ ባልዲ የዓሣ ቅባት ወንዙ ላይ ከታየ፣ የወረዳው ሰዎች በሩን ለአሥር ቀን ያሽጉታል፤ ሠላሳ ሴቶችም ቤታቸው ይቀመጣሉ።

«ኦክቡን! ማጠቢያውን አስቁሚ! ሁሉንም ቧንቧ ዝጊ!» ብላ ጮኸች። መሐንዲሱ ጋ ደወለች፤ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቄአለሁ አለ። ወደ ዶክማን ደወለች። ዶክማን ጆሮው ስለደከመ ስልኩን ሁልጊዜ በድምፅ ማጉያ ነው የሚያነሳው፤ ይህን በዚያች ሰዓት አላሰበችውም።

«ዶክማን! በርሜሉ ቆመ! ውሃው ሊገነፍል ነው! የመብራቱ መዝጊያ የትኛው ነው፣ ጥቁሩ ነው ቀዩ?»

ከማዶ አንድ ማንኪያ ሳህን ላይ ሲወድቅ ሰማች። ከዚያ የመጣው የዶክማን ድምፅ አልነበረም።

«እማዬ? ታመሽ ተኝተሻል አላሉኝም እንዴ?»

ማስጠንቀቂያ እየጮኸ ታምሜአለሁ አይባልም። «ዳሶምዬ፣ አሁን በርሜል ውስጥ ነኝ፣ ኋላ እደውልልሻለሁ!» አለችና ዘጋችው። ሁለቱንም ሞከረች፤ መዝጊያው ቀዩ ነበር።

ክንዷን እስከ ትከሻዋ ድረስ በበርሜሉና በመርጫው ቧንቧ መካከል አስገባች። ዓይን እዚያ አይደርስም፤ ጣት ግን ያያል። ቅርፊት አይደለም። አጥንትም አይደለም። ክር ነው! ወፍራም፣ ነጭ መሆን ያለበት፣ በርሜሉን በሚያዞረው ዘንግ ላይ እንደ እንዝርት ፈትል የተጠቀለለ ክር። ወዲያው ገባት። ትናንት ማሽኑን ሲመርቁ የተቀቀለ የዐሣማ ራስ ፊቱ አስቀምጠው፣ የሩዝ ጠላ በአራቱም ማዕዘን አፍስሰው ሁሉም በየተራ ሰግደው ነበር። ደረቅ ዓሣ በክር ልቃቂት ጠምጥሞ ከበሩ በላይ መስቀል የአገሩ ወግ ነው፤ ክሩ ዕድሜ ያረዝማል ይባላል። ጃኦክ ግን አንድ ጓደኛዋ ማሽኑ ላይ ራሱ ብታስሪው ይበልጥ ይሠራል ብላት፣ ወንበር ላይ ወጥታ በገዛ እጇ ከመርጫው ቧንቧ ጋር አሰረችው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይኸው ነው። ሌሊቱን በእርጥበቱ ረጥቦ፣ ጠዋቱን ተፈትቶ፣ ከነልቃቂቱ በርሜሉ ጎትቶታል።

ክሩን ብትስበው ይጠብቃል፤ ብትለቀው ይመለሳል። አንድ ሰው በርሜሉን በእጁ ወደ ኋላ ማዞር አለበት፣ እሷ ደግሞ መፍታት። ኦክቡን ሞከረች፣ አቃታት። ሌሎቹ ሴቶች በበሩ ተጨናንቀው ምክር ይሰጣሉ፤ አንዷ መቀስ አለች፣ አንዷ ጸሎት አለች። ቧንቧው ቢዘጋም በቦዩ የቀረው እየወረደ፣ ውሃው ሁለት ጣት ቀረው። በዚህ መሀል ሴቶቹ ግራና ቀኝ ተከፈሉ፤ ጫማቸው የሚያበራ ሰዎች ገቡ።

ከፊት ዳሶም ናት፣ ፀጉሯ እንደ ሙሽራ ተሠርቶ፣ ዓይኗ ቀልቶ። ከኋላዋ ሶክጁ። ከዚያ አንድ ሰፊ ደረት ያላቸው ሽበታም ሰው፣ ከዚያ የዕንቁ መልክ ያለው ሙሉ ልብስ የለበሱ ቀጭን ሴትዮ። መጨረሻ ላይ ዶክማንና ጃኦክ፣ አንዱ ካንዱ ጀርባ መደበቅ እየፈለጉ። ሬስቶራንቱ ወንዝ ዳር፣ በእግር እንኳ ሩቅ አይደለም፤ ዳሶም «እናቴ በሌለችበት አልቀመጥም» ብላ ስትነሳ የልጁ አባት ከሁሉ ቀድመው ኮታቸውን እንዳነሱ በኋላ ነው የተሰማው። ፒልሱን ክንዷ በርሜል ውስጥ፣ ጉንጯ ብረቱ ላይ ተለጥፎ፣ ግንባሯ ላይ ቅርፊት ይዛ ነበር። ለልጇ አማቾች ልትታይ ያሰበችው እንዲህ አልነበረም።

ሽበታሙ ሰው የሶክጁ አባት አቶ ፒዮ ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት በመርከብ ሞተር ክፍል የሠሩ። ሰላምታ አልሰጡም። ዓይናቸው ማሽኑ ላይ ነው።

«መብራቱን ዘግተዋል?»

«ዘግቻለሁ።»

«ጎበዝ!» ኮታቸውን አውልቀው ለሚስታቸው ሰጡ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ በርሜሉን በሁለት እጅ ያዙ። «ወዴት ነው?»

«ወደ ኋላ። ቀስ ብለው… ቀስ… ቁም! ቁም አልኩህ!»

ጃኦክ አፏን በእጇ ያዘች። የልጇን አማት፣ ባየቻቸው በመጀመሪያው ደቂቃ፣ እንደ ፋብሪካ ልጅ አንተ ብላ ጮኸችባቸው! አቶ ፒዮ ግን ቀጥ ብለው ቆሙ፣ «ቆሜአለሁ አለቃ» አሉ። «አሁንስ?» «አንድ ጣት ወደ ፊት… አሁን ወደ ኋላ… ይምጣ፣ ይምጣ…» ክሩ ይመጣ ጀመር። ክንድ ሙሉ መጣ፣ ሁለት ክንድ መጣ፣ ኦክቡን እየተቀበለች በክርኗ ትጠቀልላለች። ሁለቱ አንድም ጊዜ ሳይተያዩ፣ አንደኛው ሲይዝ ሌላኛው እየለቀቀ፣ አብረው ሃያ ዓመት የሠሩ ይመስሉ ነበር። በመጨረሻ አንድ ነገር ቋ ብሎ ለቀቀና፣ ደረቁ ዓሣ ሆዱ ተነፍቶ፣ አፉን ከፍቶ በፒልሱን እጅ ላይ ወጣ።

ቀዩ መዝጊያ ተከፈተ። በርሜሉ አንዴ አቃሰተ፣ ዞረ፤ ውሃው በሙሉ ኃይሉ ተረጭቶ አቶ ፒዮን ከአንገታቸው እስከ ቀበቷቸው አራሳቸው። ገንዳው መጉደል ጀመረ። ሴቶቹ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም፤ መክተፊያና ምጣድ መደብደብ ጀመሩ። አቶ ፒዮ ረጥበው «ስትሠራ እዩዋት! ስትሠራ እዩዋት!» እያሉ በርሜሉን እንደ ፈረስ ይደባብሳሉ።

«ይህ ዓሣ ምን ሊሠራ እዚህ ገባ?» አሉ ከዚያ ክሩን አንጠልጥለው።

ዶክማን ሚስቱን አየ። ጃኦክ መሬቱን አየች። ፒልሱን አፏ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የተጠራቀመ መልስ ነበራት፤ አንዱን መምረጥ ብቻ ነበር የቀራት። ግን ጃኦክ የአንገቷ ሥር ሳይቀር ቀልታ፣ በአረንጓዴው ልብሷ ላይ ውሃ ተረጭቶባት፣ እንደተቀጣች ልጅ ቆማለች። ፒልሱን በዚያች ቅጽበት ልቧ በጣም ቀሏት ነበር፤ ቂም ለመያዝ እጅ አልነበራትም።

«ለማሽኑ ዕድሜ እንዲሰጠው የተሰቀለ ነው። እርጥበቱ ፈታው» አለች። «የሰቀለው ሰው በደግነት ነው።»

ያን ጊዜ ቀጭኗ ሴትዮ፣ የልጁ እናት ወይዘሮ ጊል፣ ወደ ፊት መጡ። የባላቸውን ኮት በክንዳቸው ይዘው ፒልሱንን ከቦቲዋ እስከ ግንባሯ አዩ።

«ታመው ተኝተዋል የተባሉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ… እኔ ነኝ» አለች ፒልሱን። «አሁን ተሽሎኛል።»

ወይዘሮ ጊል አፍንጫቸውን ቀና አድርገው ትንፋሽ ሳቡ፤ ሌላ ትንፋሽ ደገሙ። ዳሶም የሶክጁን ክንድ ጨመቀች። ጃኦክ ዓይኗን ጨፈነች። «እኔ ምልህ» አሉ ወይዘሮ ጊል ወደ ባላቸው ዞር ብለው፣ «ይህ ሽታ ገደለኝ እኮ! ካለፈው ክረምት ጀምሮ እንደዚህ ርቦኝ አያውቅም። እዚያ ያቀረቡልንን አይተኸዋል? አንድ ቅጠል፣ አንድ ሽንብራ የምታክል ዓሣ፣ በሦስት ሰሃን! ሰዎች፣ እዚህ ቤት ኦሙክ ይጠበሳል አይደል እንዴ?»

ኦክቡን ሁለተኛ እስኪጠሯት አልጠበቀችም። እየጨሰ በእንጨት የተሰካውን በትሪ፣ መረቁን በወረቀት ኩባያ አምጥታ አደለች። ክፍሉ ውስጥ አንድ በርጩማ ብቻ ነበር። ዶክማን አነሳና ለወይዘሮ ጊል ሊሰጥ ሲል፣ እሳቸው ተቀብለው በእጃቸው ጠረጉት፣ ከፒልሱን ጀርባ አስቀመጡት። «እርስዎ ይቀመጡ። ቆመው ነው የዋሉት።» ፒልሱን እምቢ አለች፣ እሳቸውም እምቢ አሉ፤ ለደንቡ ሦስት ጊዜ ተገፋፍተው ፒልሱን ተቀመጠች። ሌሎቹ ሁሉ በዙሪያዋ ቆመው በሉ። አቶ ፒዮ አምስተኛውን እንጨት ሲያነሱ «ይህ ወንፊት ምን ያህል ያጥባል?» ብለው ጠየቋት፤ ፒልሱንም አፏ ሞልቶ አስረዳቻቸው፤ እሳቸውም ሰሟት። ዳሶም ከእናቷ አጠገብ ተንበርክካ ግንባሯ ላይ ያለውን ቅርፊት በጥፍሯ አነሳችላትና «ለምን አልነገርሽኝም?» አለች በጆሮዋ። ፒልሱን ልጇን ጉንጯ ላይ ሳመቻትና መረቁን አቀበለቻት።

«እንግዲህ» አሉ ወይዘሮ ጊል አፋቸውን እየጠረጉ፣ «የመጣንበት ነገር አልተነገረም። ቀኑስ መቼ ይሁን?»

ሬስቶራንት ውስጥ የጀመሩትን ጨዋታ መቀጠላቸው ነበርና፣ ሳያስቡት ዓይናቸው ወደ ጃኦክ ሄደ። ጃኦክ እጇ ቦርሳዋ ውስጥ ገባ። ሁሉም አየው፤ የያዘችው መልካም ቀን ከሚመርጥ ኮከብ ቆጣሪ ዘንድ ገንዘብ ከፍላ የሠርጉን ቀን ያጻፈችበትን ቀይ ፖስታ ነበር። ፒልሱን ኩባያዋን በሁለት እጇ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። በርሜሉ አንድ ዙር ዞረ፣ ታጠበ፣ ቆመ። ጃኦክ ፖስታውን አወጣችው፣ አገላብጣ አየችው፤ ከዚያ ለሁለት አጠፈችና መልሳ ከተተችው።

«እኔን ለምን ይጠይቁኛል?» አለች፣ ድምጿ እንደወትሮው ሳይጮኽ። «እናቷ ተቀምጣለች እኮ። እትዬ፣ እርስዎ ይቁረጡ።»

ፒልሱን በርጩማዋ ላይ ቀና አለች። ሁሉም የእሷን አፍ ያያል። ምን እንደምትል ጠዋት ቢጠይቋት አታውቀውም ነበር፤ አሁን ግን ሙሉ ሆኖ አፏ ላይ መጣላት።

«ጥቅምት ውስጥ፣ ሁለተኛው ቅዳሜ ይሁን» አለች። «እስከ ማታ ድረስ እንጨፍራለን፤ እሁድ ደግሞ ማንም እንዳይቀሰቅሰኝ።»